ሀ ሲደመር ለ፣ አቶቴ ሰፈር

ከምሳ በኋላ ነው፣ አቶቴ፣ ዘጠነኛ «ሐ»፤
ስድሳ ስምንት ልጆች፣ አንድ ጀሪካን ውሃ።
ቆርቆሮው ከፀሐይ ተጣልቶ ይንጣጣል፤
ከአሞራ ገደል በኩል የዓሣ ሽታ ይመጣል።
እኔም ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ እንደ አምና እንደ ካቻምና፣
ቅንፍ ከፈትኩና፣
«ሀ ሲደመር ለ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቅንፉን ዘጋሁ፤
ከራሱ ላይ ትንሿን ሁለት ሰቀልኩና ጠየቅሁ።

ባንድ አፍ መለሱልኝ፣ እንደ ሰልፍ መዝሙር፦
«ሀ ካሬ ሲደመር ለ ካሬ!»

ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ሰምቻለሁ፤
ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ በቀይ ሰርዣለሁ፤
«መሐሉስ? መሐሉ የት ገባ?» እያልኩ።
ይሸመድዱታል ለፈተና፣ ሁለት ሀለ፣ ሁለት ሀለ፤
ክረምት ሲገባ ግን ከደብተሩ ጋር ተጣለ።

እጇን ያወጣችው ዱካሌ ናት።
አባቷ ወለል አንጣፊ ነው፣ ሴራሚክ ይገጥማል፣
ሐይቁ ዳር በሚሠራው ሆቴል፣ አራተኛው ፎቅ ላይ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ሲሚንቶ ታቦካለታለች፤
ግራጫው ከጥፍሯ ሥር አልለቅ ብሏል።
«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ክፍል ማስፋት ነው» አለች።
«ጎንና ጎኑ ሀ የሆነ ክፍል ነበረ።
ባለቤቱ መጣና በዚህም በለ ይስፋ፣
በዚያም በለ ይስፋ ብሎ አዘዘ።
እኛ ጥጓን ብቻ አንጥፈን ብንሄድ
በሁለቱ ግድግዳ ሥር አፈሩ እንዳለ ይቀራል።
ሰውዬው ታዲያ ይከፍለናል?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
ደወሉንም አልጠበቅሁም።
ይዣቸው ወጣሁ ሾላው ጥላ ሥር፤
ዱላ አነሳሁ (ለመምታት አይደለም)
አሸዋው ላይ ትልቁን ካሬ ሠራሁ፤
ከጎኑ አንድ ቀጭን፣ ከግርጌው ሌላ ቀጭን፣
ጥጉ ላይ ያችን ትንሿን።
«ቁጠሩ።»
«ሀ ካሬ… ሀለ… ሀለ… ለ ካሬ።»
ካዊሶ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ፣
ጫማውን አወለቀና ቀጭኑ ላይ ቆመ።
«እኔ መሐሉ ነኝ» አለ።
ማንም አልሳቀበትም።

በማግስቱ ለ ተቀነሰ።
ባለቤቱ ገንዘብ አጥሮት ይሆናል፣ ክፍሉ ይጥበብ አለ።
ከዚህ ጎን ቆረጥን፣ ከዚያ ጎን ቆረጥን፤
«ጥጓን ሁለቴ ቆረጥናት» አለች ዱካሌ፣
«አንዴ መመለስ አለብን፤ ያለዚያ ሌብነት ነው።»
ለካ ለዚህ ኖሯል፣ ያን ሁሉ ቀንሰን ስናበቃ
መጨረሻ ላይ መደመር የሚቆመው!
ስንት ዘመን ሳስተምረው፣
ዕዳ መክፈል መሆኑን ማን ነገረኝ?

ለሦስተኛው ኃይል የሳሙና ካርቶን ቀደድን፤
ስምንት ሣጥን ሠርተን፣ ገጣጥመን፣ አንድ ሣጥን አደረግን።
«ለአራተኛውስ ቲቸር?» አለ ካዊሶ።

ቀና ብዬ ሾላውን አየሁ። አባ ኮዳው
እሱም ልክ እንደ ልጆቹ አንገቱን ሰብሮ ይጠብቀኛል።
ርዝመት አለኝ፣ ወርድ አለኝ፣ ከፍታ አለኝ፤
ሌላ የት ላምጣ? እጄ አጠረኝ።
እውነቱን ነገርኳቸው፦
ሥዕል እስከ ሐይቁ ዳር ያደርሳል፣
እግር የሚረግጠው መሬት እስካለ።
ከዚያ ወዲያ በታንኳ ነው፤ ታንኳው ፊደል ነው።
ሥሩ አይታይም፣ ግን ይሸከማል።

ሰኔ ላይ ፈተናውን አረምኩ።
ሃያ አንዱ ዛሬም መሐሉን ረስተዋል፤ አልዋሽም።
አንድ ወረቀት ላይ ግን፣ ከመልሱ ጎን፣ ጠርዙ ላይ፣
በእርሳስ የተሠራች ካሬ አለች፤
በቀጭኑ ላይ፣ ጎን ለጎን፣
ሁለት የእግር ዱካ።