ባዶም ይጻፋል

ገመዱ አለ፣ መጥረቢያው አለ፣ ተራራውም በዚያው በክብሩ፤
ዘንድሮ ግን ኤርሜክ ጨመረ ሃያ ብልቃጥ ከነቁጥሩ።
«የበረዶ ነብር ዓይነ ምድር ካያችሁ በቋጥኝ ጥግ፣
ለኩት፣ ክተቱት፣ ቀን ጻፉ፤ እሱን ነው የምንፈልግ»
አሉን ከቢሽኬክ፤ እኛም እሺ አልን፣ ጫፉን እያሰብን።

ድንኳኗ ደጅ ላይ ቡሩል ሰምታ ሳቀችብን፦
«ለበጠጥ ከሆነ ልፋቱ፣ ጆንያ ሙሉ ከበረቴ
ዛቁ!» ከዚያ ጣቷ ወደ ገደሉ፤ ድምጿም ዝቅ አለ ባንዴ፦
«አምና አምስት ጠቦት ወሰደብኝ፤ በዚያ በኩል ነው መንገዱ፤
ፀሐይ በረዶውን ሳታላላው፣ ገና በጠዋቱ ሂዱ።»

ሰኞ ዱካ የለም። ማክሰኞ ነፋስ። ረቡዕ የዱር ፍየል ቀንድ፣
ስንጥቅ ውስጥ የከረመ። ሐሙስ ጭጋግ፤ እንደ ግንድ
ደርቀን ዋልን ድንኳን ውስጥ፣ ብልቃጦቹ እንደታሸጉ።
«መስመር አትዝለሉ፣ ያልታየም ይመዝገብ» ይላል ሕጉ።

እኔ ሰባት ጫፍ የረገጥኩ፣ ያልደረስኩበትን የማላወራ፣
የብዕሩ ቀለም ረግቶ፣ በእርሳስ፣ ዜሮ ስጽፍ በዚያ ተራራ
ጣቴ አፈረ።
አራት ቀን፣ አራት ክብ፣ ውስጣቸው በረዶ።
ዓርብ ወረድን፤ ጫፉም ቀረ፣ በደመና ተጋርዶ።

ቡሩል በጎቿን ስታስገባ፣ አናት አናታቸውን
እየነካች፣ ከንፈሯ ሲያሰላ ቁጥራቸውን፣
«አገኛችሁት?» አለች። «የለም።» ወረቀቱን አሳየናት።
ክቦቹን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች፤ ሳቅ ግን አልመጣላት።
«እኔስ ማታ ማታ የምቆጥረው ያለውን መች ነው?
የጎደለውን ነው» አለች።
ቁጥሩ ጠፋባት።
ከአንድ ጀመረች።