የሚለቅ ቀለም

ጦይባ፥ ክንድሽን ስጪኝ፤ ከመብራቱ አስጠጊው፣
አምባርሽን አውልቂ፥ ለእህትሽ አስይዢው።
የሰኞ ገበያ ተፈታ፤ ግመሉ ቁልቁል ወርዷል፣
የባቲ አቧራ ገና ከደጄ ላይ ይበናል።

ገና ሳትቀመጪ፥ ስልክሽን ከፈትሽልኝ፣
ያንዲትን ሙሽራ እጅ በጣትሽ ለጥጠሽ አሳየሽኝ፤
«እንዲህ ነው የምፈልገው፤ እንደ ከሰል ይጥቆር፣
ሐሙስ ነው ኒካሁ፥ ባንድ ሰዓት ይስመር።»
እህ ብዬ ሰማሁሽ፤ ምኞትሽ አልገረመኝም፣
እኔም ባንቺ ዕድሜ ሳለሁ ቀዩ ቀለም አልጣመኝም።

ቆይ፥ ሻሼን ልሰብስብና እጅጌዬን ልጠቅልለው፣
ይህን አበባ እይልኝ፤ በይ በጣትሽ ዳብሽው።
ሥዕል መሰለሽ? አዎ፥ ሥዕልስ ሥዕል ነበረ፣
አሥራ ሦስት ዓመት አለፈው፥ ቆዳዬ ላይ እንደቀረ።
ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ብዬ፥ ደሴ ፒያሳ ወጥቼ፣
የጠጉር ማቅለሚያ መሆኑን ሳልጠይቅ እጄን ሰጥቼ፤
ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፥ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፣
ልጅቷ ግን ትስቃለች፦ «ሲደርቅ ሽታው ይለቃል»።

አማረ። እውነቴን ነው። ያን ለታ ማታ አማረ፣
በሦስተኛው ቀን ግን መስመር በመስመር ጀመረ፤
መጀመሪያ ማሳከክ፥ ቀጥሎ እንደ ፍም መፋጀት፣
አበባው ውሃ ቋጠረ፥ ቅጠል በቅጠል፥ እንደ ጠዋት
ጤዛ ያዘለ ጽጌ፤ ጤዛው ግን የገዛ ሥጋዬ ነው፣
ጤና ጣቢያ ቅባት ሰጡኝ፤ ጠባሳውን ማን ያጥበው?
ነርሷ ምን አለችኝ መሰለሽ? «ከእንግዲህ የጠጉር ቀለም
ላንቺ ጠላትሽ ነው፤ ቆዳሽ አንዴ አውቆታል፥ አይረሳም።»

አሁን ደግሞ ይህን አሽትቺው። ምን ምን ይላል? ሣር አይደል?
ዝናም የመታው ድርቆሽ፥ ሎሚ ነክቶት የዋለ ቅጠል።
ሐስና ናት ከቆላ በግመል ጭና የምታመጣው፣
ፀሐይ አሳይታው አታውቅም፤ ጥላ ነው ያደረቀው፤
ወቅጬ፥ በሻሽ ነፍቼ፥ በሎሚ በሻይ ለውሼ፣
ትናንት ማታ አሳደርኩት፥ እንደ አራስ ልጅ አልብሼ።
አራስ ካልኩ አይቀር፥ የእህትሽን ሕፃን እንዳትቀቢው፣
ለትልቅ ሰው የሆነ ሁሉ ለጨቅላ አይሆንም፤ ተዪው።

እናቴማ እንሶስላ ነበር፥ ሥሩን ቆፍራ የምትወቅጥ፣
እጇን በጉሎ ቅጠል ጠቅልላ እስኪነጋ የምትቀመጥ፤
ማንም አላስቸኮላትም። ቅጠል ይቀላል እንጂ አይከስልም፣
ከሰል ነኝ ያለሽ ሂና ዋሽቷል፤ ቅጠል ግን አይዋሽም።

ስለዚህ ዛሬ አልስልሽም። ክርንሽን ወዲህ ገልብጪው፣
አንድ ነጥብ ላኑርብሽ፤ አንድ ብቻ፤ እስከ ነገ ጠብቂው።
ካላሳከከሽ፥ ካላበጠ፥ ነገ ማታ ነይ፥ እስላለሁ፣
ከአውራ ጣትሽ ጀምሬ እስከ ክንድሽ ሐረግ እጥላለሁ፤
በእጅሽ ጀርባ የማሽላ ዛላ፥ መዳፍሽ ላይ የግመል ዱካ፣
አንቺም ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ እጅሽ በማንም እንዳይነካ።
ሲደርቅ በውሃ አታጥቢው፤ ፈቅፍቀሽ ዘይት ቀቢው፣
ረቡዕ ብርቱካን ይመስላል፤ «ደበዘዘ» ብለሽ አትሳደቢው፤
ሐሙስ ጠዋት ሲነጋ ሳትጠይቂው ይበስላል፣
እንደ ሸክላ፥ እንደ ደረቀ በርበሬ፤ ራሱ ጊዜውን ያውቃል።

ከዚያ በሳምንት፥ ባሥር ቀን፥ ከጣትሽ ላይ ይሸሻል፣
ልብስ ስታጥቢ፥ ሊጥ ስታቦኪ፥ ጥቂት በጥቂት ይለቃል።
አትዘኚ።
ደግ እንግዳ እንዲህ ነው፤ ደስታ አድምቆ ይሰናበታል፣
የኔው ግን ሠርጉ ካለቀ ወዲህ፥ ይኸው፥ እዚህ ተጎልቷል።

በይ፥ ነጥቡ እስኪደርቅ ድረስ እጅጌሽን አታውርጂ፣
ነገ ማታ እጠብቅሻለሁ። መሽቷል፤ እህትሽን ይዘሽ ሂጂ።