የሸምበቆው ጫፍ

ሐይቅ ግድግዳ የለውም፣ ዳር ዳሩ ደንገል ነው፤
ሰኪና እህቴ ዋናን የለመደችው
ወገቧን በገመድ ከታንኳችን አስራ፣
የመቅዘፊያን ጠብታ በጆሮዋ ቆጥራ።
ከዓይኗ የተረፈው አንዲት ጭላንጭል ናት፣
ቀኑን ከሌሊቱ የምትለይባት።

«ዓሣ አታሰግርበት፣ ዋና ምን ሊሆናት?»
አሉ የአባባ ጓዶች።
አባባ ዝም አለ።
ገመዱን አረዘመው።

ኮምቦልቻ ወሰድኳት፣ ከሆቴሉ ገንዳ።
ሰው የሠራው ውኃ ለካ ግድግዳ አለው፤
በመጀመሪያው ቀን ጣቷ ተሰበረ።
አሠልጣኝ ይመር ሸምበቆ ቆረጠ፣
ጫፉ ላይ የቴኒስ ኳስ አስሮ ሰጠኝ፦
«ሁለት ቀዘፋ ሲቀራት አናቷን ንካት።
አንተ ብትቸኩል እሷ ትዘገያለች፣
አንተ ብትዘገይ እሷ ትሰበራለች።»

አራት ዓመት እንዲህ፤ ሌሊት ዐሥር ሰዓት
ከሽንኩርት አይሱዙ ላይ፣ ደሴን በብርድ አልፈን።
አንድ ቀን ተጣልተን፣
ሆን ብዬ ዘገየሁ። እስካሁን አልነገርኳትም።
ታውቃለች።

ዛሬ ሰው አገር፣ ስምንት መስመር፣ ስምንት ሴቶች።
ሕጉ ነውና ለሁሉም ጥቁር መነጽር ታደለ፤
ያቺን ጭላንጭሏንም ጋረዱባት።
ምን ልበላት ብዬ ስጨነቅ ሳቀች፦
«እሰይ! ዛሬስ ሁሉም የእኔ አገር ገቡ።»

ፊሽካ።
አዳራሹ ረጭ አለ፤ መጮህ ክልክል ነው።
እኔ ከወዲያኛው ጫፍ ዘንጌን ይዣለሁ
(የፈረንጅ ነው አሁን፤ እኔ ሸምበቆ እለዋለሁ)።
ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት።
እንደ ሐይቁ ጊዜ፣ ውኃው ሲቀደድ ለመስማት
ዓይኔን ጨፈንኩ፣
ነካኋት።