ባለቤቱን አስምሩበት

ዊኒፔግ ነው፤ ጥር ነው፤ ማክሰኞ ማታ፣
ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ ከታች ካለው ቦታ
አሥራ አንድ ሆነናል፤ ካፖርት አላወለቅንም፤
ሥራ ውለን መጥተን ገና አልሞቀንም።

መምህርት ሎርና ማርከሯን ከፈተች፣
አንድ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤
«ባለቤቱን ፈልጉ፣ አስምሩበት» አለች።

እርግጥ «ሰብጀክት» ነው ከአፏ የወጣው፤
«ባለቤት» ከድሮ ደብተሬ ነው የመጣው።
ባለቤት ደግሞ በኛ ቋንቋ ብዙ ነው፦
አንዱ ወር ሲጠባ በሬን የሚያንኳኳው፣
ማሞቂያው ሲበላሽ ሰበብ የማያጣው፤
አንዱ ተሻገር ነው፣ የልጆቼ አባት፣
ወደ ሬጃይና ጭኖ የሄደው ትናንት፤
ሦስተኛው ይኸው ነው፣ ኪራይ የማይጠይቅ፣
ከግሱ ፊት ቆሞ በፍለጋ የሚያስጨንቅ።

«ሮዴል ዳቦ ገዛ።» ይኼስ አላስቸገረም፤
ሮዴል ራሱ ግን፣ «እኔስ አልገዛሁም፤
ከሩዝ በቀር ቤቴ እህል አይገባም።»

ቀጥሎ የፖም ሣጥን፤ «ከባድ ነው» ይላል።
«ባዶ ሣጥን ደግሞ ማንን ከብዶ ያውቃል?»
ብላ ሃሊና ፖሙ ላይ አሰመረች፤
ሎርና ጠረገችው፤ «ሣጥኑ ነው» አለች።
ሃሊና ዝም። መጋዘን ነው የምትውለው፤
የሚከብደው የቱ እንደሆነ ወገቧ ነው የሚያውቀው።

በመስኮቱ የሚታየን የአላፊ ጫማ ነው።
በረዶ ይወርዳል። «ኢት ኢዝ ስኖዊንግ» አለች።
«ኢት ማነው?» አልኳት።
«ማንም። ቦታው ባዶ እንዳይቀር ነው።»
አውቶቡስ ላይ የተተወ ጓንት ታየኝ፤
ሰውየው የለም፣ ጓንቱ ወንበር ይዟል።

በኛስ ባለቤት ከግሱ ሆድ ያድራል፤
«መጣሁ» ካልኩ፣ «ሁ» ውስጥ አለሁ፤ ማን ይጠራጠራል?
«በረደኝ» ስልም ብርዱ ነው አድራጊ፣
እኔ ምን አለሁበት፣ ምስኪን ተደራጊ።
እዚህ ግን «አይ አም ኮልድ»፤ ሆንኩኝ ባለቤት፤
ብርዱ በስሜ ዞረ፣ እንደተሸጠ ቤት።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አንድ መስመር ጻፈች፦
«ክፍሉ ተጸዳ።»
እጄ ቀደመኝ። ይህችንማ አውቃለሁ፤
በቀን አሥራ አራት ክፍል አጸዳለሁ፤
ፀጉር ከገንዳ፣ ጨው ከምንጣፍ እለቅማለሁ።
«ባለቤቱ እኔ ነኝ።»
«አይደለሽም፤ ክፍሉ ነው።»
«ክፍሉ መጥረጊያ አነሳ?»
ሁሉም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።
ማርከሯን ከደነች፣ መልሳ ከፈተች።
«አላነሳም» አለች። «አድራጊውን ከፈለግሽ
መጨረሻ ላይ አንዲት ትንሽ ቃል ነች፦ ‹ባይ›።»

ባይ!
እኛ ጋ ይህች ቃል ሰው ናት፣ ድምፅ አላት፦
አቤት ባይ፣ ሃይ ባይ፣
እኔ ነኝ ባይ።

በማግስቱ፣ ክፍል ስድስት መቶ አሥራ አራት፣
ካርዷን ከትራሱ ላይ ሳስቀምጣት፣
«ይህ ክፍል ለምቾትዎ ተጸድቷል» የምትለዋን፣
እርሳስ አወጣሁና ቀጠልኩላት ጅራቷን፦
«ባይ ስንዱ።»
በዚያው ቀን ሰባት ክፍል ላይ ጻፍኩ።
ስምንተኛው ላይ እንግዳው ተኝቶ ነበር።

ዓርብ ዕለት፣ ልብስ የምንቀይርበት፣
ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፎበት፦
«ዱ ኖት ራይት ኦን ካርድስ።»
የጻፈው ስም የለው፣ የተጻፈበትም።
በአማርኛ ቢሆን «አትጻፊ» ብሎ
ባጋለጠኝ ነበር፣ በ«ፊ» ብቻ ነጥሎ።
እንግሊዝኛው ግን ሴት አይል፣ ወንድ አይል፣
አንድ ናት አይል፣ ብዙ ናቸው አይል፤
ባለቤቱን ውጦ ቁጭ ብሏል።

እርሳሴ ኪሴ ነበረች። ዙሪያዬን አየሁ።
ከ«ዱ» በፊት፣ ፊደል የሌለበት፣
ያንን ባዶ ቦታ
ቀስ ብዬ አሰመርኩበት።