የእግር ቦታ

ከጅቡቲ መጣ፣ ባይሱዙ ተጭኖ፣
በሲባጎ ተጠፍሮ፣ በሸራ ተሸፍኖ።
የሰፈር ልጆች ከበው ሸራውን ሲገልጡ
አንዱ «ዓሣ ነው» አለ፣ ሌሎቹ አላገጡ።
ጎማ የለው፣ ወንበር የለው፣
ቆመው ነው የሚነዱት፣ መንገዱም ባሕር ነው።

ሮብሌ ደወለ፦ «የእግር መያዣው ተሰነጠቀ፣
ማዕበል ላይ ስዘል ከእግሬ ወለቀ፤
እኔ ባሕር ገባሁ፣ ጄት ስኪው ብቻውን ዘለቀ።
አንተ የባጃጅ ፊት ትጠግናለህ አሉኝ፣
ያው ፋይበርግላስ ነው፤ ብቻ በእግሬ ልክ ሥራልኝ።»

ያው ነው!
እኔ ባሕር አላውቅም። የማውቀው ውሃ ሮቶ ውስጥ ያለው፣
ደግሞም ደቻቱ፣
አሸዋ ነው ዓመቱን፣ አንድ ሌሊት ነው ጥፋቱ።

በፍሌክስ ቆረጥኩት የተሰበረውን፣
ፎሙን ፈልቅቄ፣ ውሃ የጠጣውን፣
ጨምቄ በጣቴ ጫፍ ምላሴ ላይ አኖርኩ፤
በአርባ ስምንት ዓመቴ ባሕር ቀመስኩ።
ጨው ነው። ቤንዚንም አለው።
ኤክራም፣ የእህቴ ልጅ፣ «ትፋው!» አለች።
ዋጥኩት።

ለማያውቅ ልንገር፤ ሬዚን ትዕግሥት የለውም፣
የድሬ ፀሐይ ደግሞ ለሠራተኛ አታዝንም።
ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ማድረቂያ ጠብ ካረግህ
ጣሳው ይጨሳል፣ ድንጋይ ይሆናል እፊትህ።
ስለዚህ በጨለማ ነው፣ ከሌሊቱ ስምንት፣
ውሻም ሲደክመው፣ ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮ ቤት።
ኤክራም ትቆርጣለች የብርጭቆውን ጨርቅ፣
ሲያዩት ሐር የሚመስል፣ ሲነኩት የማይለቅ።
እኔ ሬዚን አጠጣለሁ፣ አረፋ አሳድዳለሁ፣
በብሩሽ ጫፍ እየወጋሁ አየር አስወጣለሁ፤
አየር የቀረበት ነው፣ ነገ የሚሰነጠቅ።

ሮብሌ እግሩን ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ከቦ ልኮ ነበር፤
ሹፌሩ ደወሌ ላይ ምሳ ሲበላ
ካርቶኑን ፍየል በላው።
ይምላል፤ «ወላሂ ፍየል!»
ምን ይደረግ? ፌስታል አጠለቅኩና
የራሴን እግር ሰጠሁ።

ቆምኩበት። ከሥሩ አሮጌ የባጃጅ ጎማ አለ፤
መሪውን ይዤ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣
«ነቅንቂው» አልኳት፣ «ልክ እንደ ማዕበል።»
የት አይታ ታውቃለች! ነቀነቀችው፣ ጀሪካን እንደሚያለቀልቅ ሰው።
ግራ እግሬ ግን አወቀ።

ያን የጎርፍ ሌሊት
የጎረቤት ግንብ ላይ ተለጥፌ ነበር፤
ደቻቱ በር ይዞ፣ አልጋ ይዞ፣ ግንድ ይዞ ከሥሬ ሲያልፍ
ከግንቡ አንድ ጡብ ጎድሎ ነበር፣
ወድቆ ይሁን ቀድሞም ሳይገባ ቀርቶ፣ አላውቅም፤
ክፍተቱ የአንድ እግር ያህል። የግራ።
እስኪነጋ ያቆመኝ እሱ ነው፣
ሰው ሳይደፍነው የቀረ ጉድለት።
ግንበኛውን አላውቀውም። መቼም ለእንዲህ ያለ ሥራ
የሚደርሰው ስድብ ነው።

ስለዚህ ግራውን ስሠራ አልለካሁም።
ተረከዙ ጠለቅ፣ የአውራ ጣቱ ጎን ከፍ፣
ሦስት ድርብ፣ ከዚያ አራተኛ፣ ኤክራም «በቃ» እስክትል።
ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት፣ በሰማንያው፣ በመቶ ሃያው፣
ውጪው እጅ እስኪያንሸራትት፤
ውስጡን ግን ሻካራ ተውኩት።
እግር የሚይዘው ሻካራ ነው።

ዓርብ ጫንነው። እሑድ ሮብሌ ደወለ፣
ነፋሱ ቃሉን እየነጠቀ፦
«ቀኙ ጠበበኝ። ግራው ግን… ማንን ለክተህ ነው?»
ዝም አልኩ። ከጀርባው ውሃው ይሰማኛል፣
ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ማንንም አይወስድም።
«ቀኙን መልሰው» አልኩት፣ «ደግሜ እሠራዋለሁ።
ካርቶን ላክ። ፍየሉን ተጠንቀቅ።»

ስልኩን ዘግቼ ክንዴን ማከክ ያዝኩ፤
የብርጭቆ ክር ነው፣ ሳምንት አይለቅም።