ሰማንያ ሰባት ነጥብ አራት

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ጉሙ ከዓባይ ሲወጣ፣
ደጀን ገደሉ አፋፍ ላይ፣ የሽቦ አጥሩን ከፍቼ፣
ከቆርቆሮው ሆድ ያደረውን ሰማይ ልቀዳ እወርዳለሁ፣
እንደ ጠጅ አሳላፊ ብርሌዬን አንሥቼ።

አንማው ያልፋል በዚያ በኩል፣ ቀንበሩን ተሸክሞ፤
ይስቅብኛል ቆሞ፦
«አንተ ሰው፣ የፈጣሪን ውኃ ሰፍረህ ሰፍረህ
ለማን ልታስረክብ ነው? ወይስ ለዘነበልን ሁሉ
ግብር ልታስከፍል ነው?»
አልመልስለትም። ዓይኔን ከውኃው ከንፈር
አስተካክዬ፣ አነባለሁ፦ ዐሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት።

ይህች ቁጥር ከደጀን ወጥታ ባሕር ዳር ትደርሳለች፤
አዲስ አበባ ታድርና፣ ከዚያ ክንፍ ታወጣለች፤
ናይሮቢ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ስሜን በማያውቅ ሰው ፊት፣
ከጁባ ቁጥር ጎን፣ ከካምፓላ ቁጥር ጎን ትቀመጣለች።
ከሺህ ነጥብ መሐል አንዲት ነጥብ።
እኔ ባያት ግን እለያት ነበር።

አምና በግንቦት ለስብሰባ ተጠርቼ
(ኮቱን ከአማቼ ተውሼ፣ ጫማውን በዱቤ ገዝቼ)
የሰፊ ጠረጴዛ ዳር ተቀመጥሁ።
ሁሉም የየሀገሩን ክረምት በቀለም ቀብቶ መጣ፤
ሲገጣጥሙት ግን ድንበሩ ላይ ጣጣ፦
የኛ አረንጓዴ ሞልቶ፣ ከማዶ ያለው ቢጫ፣
ጀርባ እንደተሰጣጡ ባልና ሚስት።
«ያንዱ ሰማይ ረጥቦ፣ ያንዱ እንዴት ይደርቃል በአንድ ስንዝር?»
አለች አንዲት የሱዳን ሴት፣ እስክሪብቶዋን ስታሽከረክር።
ቀኑን ሙሉ ተከራከርን። የሻይ ሰዓት አለፈ።
እነሱ የሠላሳ ዓመት መዝገብ ገለጡ፤ እኛም ገለጥን።
ሲመሽ ቢጫው፣ ቀስ እያለ፣ መስመሩ ላይ፣
ወደ አረንጓዴው ቀለጠ።

ኢንቲሳር ነው ስሟ። የወንዙን ቁመት ነው የምትለካ፤
እኔ ላይ ዘንቦ የሄደውን፣ እሷ ዘንድ ሲደርስ።
ዓረብኛ አልችልም፤ እሷም አማርኛ የላት፤
የሁለታችን እንግሊዝኛ ተደምሮ አንድ ደብዳቤ አይሞላም።
ስንለያይ ግን ስልኳን ጻፈችልኝ፣ በቁጥር፤
አፍ የፈታንበት ቋንቋ ለካ አንድ ነበር።

ሐምሌ ሃያ ሦስት ሌሊት ሰማይ ቋቱን ገለበጠ።
መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። መንገዱ ተቆረጠ።
ስምንት ጊዜ ብርሌዬ ሞላች፣ ስምንት ጊዜ ደፋሁ፤
በዘጠነኛው፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ጻፍሁ፦
ሰማንያ ሰባት ነጥብ አራት።
ሃያ ዓመት ስሰፍር፣ ይህን አላየሁ።

አንማው በቅሎውን ይዞ አጥሩ ሥር ቆሟል።
ሳቅ የለም ፊቱ ላይ። የዘራው ጤፍ ትናንት ነበር፤
ዘሩም አፈሩም ገደል ገብቷል።
«ጻፍከው?» አለኝ። «ጻፍሁት።»
«የኔን ማሳ የበላውን፣ በደንብ ጻፍከው?» «በደንብ።»
«በል ውጣ፤ ስልኩ ከሚሰማበት ጉብታ ላድርስህ።»

ደንቡ ቁጥር በላይ በኩል ይሂድ ይላል፤
ዝናቡ ግን በታች ሄደ።
ለመሥሪያ ቤቴ እንደ ደንቡ ላክሁ። ከዚያ ለኢንቲሳር፣
ሰላምታ እንኳ ሳልጨምር፣ ቁጥሯን ብቻ።
«ደረሰኝ» አለች።

ከቀናት በኋላ የወንዙን ቁመት ላከችልኝ፤ ከሥሩም
በዚያ በሰባራ እንግሊዝኛ፦
ሰዎቹ ከወንዙ ዳር ተነሥተዋል። ከብቶቹም።
አንድ አህያ ጠፋ።
ለአንማው ስነግረው ዝም አለ፤ ቆይቶ
«የማን አህያ ይሆን?» አለ።

አሁን ታኅሣሥ ነው። ቆርቆሮው አፍ ላይ ሸረሪት አድርታለች።
«ታዲያ ለመጪው ክረምት መቼ ልዝራ?» ይለኛል።
እንጃ። ካርታው ገና አልተሰፋም፤
ሲሰፋም ይሳሳት ይሆናል፤ ይህንንም ነግሬዋለሁ።
ሸረሪቷን በጣቴ አንሥቼ አጥሩ ላይ አኖራታለሁ።
ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ።
ዜሮም ትላካለች።