ሁለት እውነት፣ አንድ ውሸት

ዓርብ፣ መናማ፣ ከላውንደሪው በላይ፤
መስኮቱን የላሰው የነሐሴ ፀሐይ።
«በረዶ እንስበር» አለች ሚስ ማሪቴስ ፈክታ፣
የቱን? ኤሲው እንኳ ጣሳ ላይ ያለቅሳል በጠብታ።

ጨዋታው እንዲህ ነው፦ በእንግሊዝኛ ሦስት ነገር መናገር፣
ሁለቱ እውነት ሆኖ፣ አንዱን መቀባጠር፤
ሌላው ይገምታል።

ኔፓሏ ሱኒታ ጀመረች በተራ፤
«ዝሆን ጋልቤያለሁ፣ ድመት እፈራለሁ፣ ልጆቼ አምስት ናቸው።»
ሣቃችን ደራ።

ኳሷ ለእኔ መጣች፤ ከካልሲ የተጠቀለለች፣
መዳፌ ላይ አርፋ እንደ ጫጩት ሞቀች።

«ስሜ ሩቅያ ነው።» ምላሴን አልያዘኝም።
«ዕድሜዬ ሃያ ስምንት።» ይሄንንም አልሳትኩም።
«ባሕር እወዳለሁ።»
«ባሕሩ ነው ውሸቱ!» ጮኹ በአንድ አፍ።
እውነቱ እሱ ብቻ። የቀሩትን ደላላው ነው የጻፋቸው፣
ኮምቦልቻ፣ በአንድ ከሰዓት፣ ፎርሙ ጫፍ።

ሕጉን አፈረስኩት። ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም፤
አራት ዓመት ማንም ያልጠራው መጣ፣ አልመለስኩትም፦
«ማይ ኔም ኢዝ ይታይሽ።»

«ዪ... ታ... ዪስ?» አለች መምህርቷ፣ ከንፈሯን አሹላ፣
ደግማ፣ ደጋግማ፣ እንደ ተማሪ አጉላልታ፣ አጣጥላ፤
ስሜን ሰባበረች፣ በረዶው ቀረና።
«አቤት!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ኳሷን ጣልኩና።